ሳይጠሩት አቤት! (በሌለንበት ስለሚፈረድብን እና ስለሚፈረድልን)

ባለፈው ቅዳሜ ማኪያቷችንን ይዘን ልንጣላ ትንሽ ቀርቶን ነበር። በፖለቲካ አይደለም። በኳስም አይደለም (አርሰናል ደጋፊው ጓደኛችን እንኳ ለአንድ ቀን ዝም ብሎ ነበር)። ያጣላን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ነው። አዎ፣ እኛም ራሳችንን ታዝበናል። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ስለ ሕግ ቁጥር መጯጯህ የጤና አይመስልም። ግን እስቲ ስሙን፤ ነገ ተረኛው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የፍርድ ቤት ወረቀቶች ነበሩ።

የመጀመሪያው የአንዳችን አጎት ወረቀት ነው። ጋሼ ካዛንቺስ ተወልደው፣ ካዛንቺስ አግብተው፣ ካዛንቺስ ልጅ ድረው፣ ሰፈሩ በ2017 መጀመሪያ ሲፈርስ ዕቃቸውን ጭነው ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰው ናቸው። ያላቸው ሀብት አንድ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ሹፌር ቀጥረው ያሠሩታል። አንድ ማለዳ ሚኒባሱ ከተራ ላይ ተይዞ ቆመ። ምነው ቢሉ “የፍርድ አፈጻጸም” ተባሉ። የምን ፍርድ? ከዓመት በፊት ሚኒባሱ አንድ እግረኛ ገጭቶ ነበር። እግረኛው ከስሷል። መጥሪያው ወደ ካዛንቺስ ሄደ። ካዛንቺስ ደግሞ በዚያን ጊዜ ወይ ፍርስራሽ ነው፣ ወይ አዲስ አስፋልት። “ተከሳሽ በአድራሻው አልተገኘም” ተባለ። ከዚያ በጋዜጣ ተጠሩ። ጋሼ ጋዜጣ የሚያነቡት ሱቅ ስኳር ሲጠቀለልላቸው ነበር፤ አሁን ስኳሩም በፌስታል ነው። አልቀረቡም። ጉዳዩ በሌሉበት ታየ፣ በሌሉበት ተፈረደባቸው።

ሁለተኛው ወረቀት አብሮን ያደገ ልጅ ነው። በ2014 መንገድ ሲሻገር አንድ የጭነት መኪና እግሩን ቀጠቀጠው። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ዛሬም ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይይዛል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። መሰላል የማይወጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ የምታውቁ ንገሩት። የመኪናውን ባለቤት ድርጅት ከሰሰ። መጥሪያውን ራሱ፣ በክራንቹ፣ ይዞ ሄደ። ጥበቃው “አለቃ የሉም” አለው። በሁለተኛው ቀን “ጸሐፊዋ የለችም”። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ተቀበለውና ፈረመ። ድርጅቱ ቀጠሮ ቀን አልመጣም። ፍርድ ቤቱ በሌለበት ጉዳዩን ሰምቶ፣ የሕክምና ማስረጃውን አይቶ፣ ምስክሮቹን ሰምቶ ፈረደለት። ቤታቸው ቡና ተፈላ። እኛም ነበርን።

ከዚያ አፈጻጸም ሲጠየቅ፣ የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ እንዲታገድ ሲታዘዝ፣ ያ ሁለት ዓመት ሙሉ አድራሻው የጠፋው ድርጅት በሦስተኛው ቀን ጠበቃውን ይዞ ችሎት ቆመ። “መጥሪያውን የተቀበለው ጥበቃ ነው፤ ጥበቃ ደግሞ መጥሪያ የመቀበል ሥልጣን የለውም። ውሳኔው ይነሳልን።” ተነሳላቸው። ያለ አንዲት ሳንቲም። “አዲስ ቀጠሮ” ተባለ።

አሁን ገባችሁ? የጋሼ ማመልከቻ እና የድርጅቱ ማመልከቻ የቆሙት በአንድ የሕግ ቁጥር ላይ ነው። አንዳችን “ይህ ቁጥር የድሃ መዳኛ ነው” አለ። ሌላኛው “የሌባ መውጫ ነው” አለ። ሦስተኛዋ ማኪያቶዋን ጨርሳ “ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ችግሩም እሱ ነው” አለች። ይህ ጽሑፍ የሷ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ ተማሪዎች ይህንን አንቀጽ ይዝለሉት። ሌሎቻችን እንማር።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የ1958 ነው፤ የጃንሆይ ዘመን። በዚህ ሕግ ቁጥር 70 መሠረት መጥሪያ በአግባቡ የደረሰው ተከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ ከሳሽ ብቻውን ይሰማል። ልብ በሉ፣ “ካልመጣህ ተሸንፈሃል” ማለት አይደለም። ከሳሽ አሁንም ማስረዳት አለበት። ግን የሚያስረዳው ተቃዋሚ በሌለበት ነው፤ ግብ ጠባቂ በሌለበት ሜዳ ኳስ እንደመምታት ማለት ነው።

ፍርዱ ገና ሳይሰጥ ከነቃህ ቁጥር 72 አለልህ። ጉዳዩ በሌለህበት ይሰማ ከተባለ በኋላ፣ በሚሰማበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት ቀርበህ በቂ ምክንያት ካሳየህ ፍርድ ቤቱ ሊሰማህ ይችላል። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ቁጥር 78 ይመጣል። ፍርዱ መሰጠቱን ካወቅህበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ፣ ለዚያው ለፈረደብህ ፍርድ ቤት “ይነሳልኝ” ብለህ ታመለክታለህ። ምክንያትህ ከሁለቱ አንዱ መሆን አለበት፤ ወይ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰኝም፣ ወይ ደርሶኝ ሳለ እንዳልቀርብ በቂ ምክንያት ከልክሎኛል። ሌላው ወገን ሳይጠራና ሳይሰማ ደግሞ ፍርዱ አይነሳም።

ለከሳሽም ተመሳሳይ በር አለው። ተከሳሽ ቀርቦ ከሳሽ ቢቀር መዝገቡ በቁጥር 73 ይዘጋል፤ በዚያው ጉዳይ ዳግመኛ መክሰስም የለም። ከሳሽ በአንድ ወር ውስጥ በቁጥር 74 በቂ ምክንያቱን አስረድቶ ያስከፍተዋል። ይህንን የምንጠቅሰው ያለ ነገር አይደለም። በአካል ጉዳት ክስ ከሳሹ ማነው? የተሰበረው ሰውዬ ነው። በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ የሚገኘው እሱ ነው። ስለዚህ “ቀረህ? አበቃልህ!” የሚል ሕግ ብንመኝ መጀመሪያ የሚበላው የራሳችንን ጓደኛ ነው።

“ተጠርቶ ካልመጣ የራሱ ጉዳይ!”

ይህን የሚሉ አሉ። ቁጥራቸውም ትንሽ አይደለም። እኛ የምንጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው። በእርግጥ ተጠርቷል?

አባቶቻችን ለዚህ ችግር የራሳቸው መፍትሔ ነበራቸው፤ ቁራኛ ይባላል። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ጭካኔ ነው፣ አንክድም። ግን በቁራኛ ዘመን “መጥሪያ አልደረሰኝም” የሚል ሰው አልነበረም። ጠሪውም ተጠሪውም አንድ ገመድ ላይ ነበሩ።

ዛሬ ገመዱ ወረቀት ሆኗል። ወረቀቱን የሚያደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማን ይመስላችኋል? ራሱ ከሳሽ! ገና ከሬጅስትራር ሲወጣ መጥሪያው በእጁ ይሰጠዋል። “አድርስና አስፈርም” ይባላል። እስቲ አስቡት። ተከሳሹ ባይቀርብ የሚጠቀመው ሰው ነው ተከሳሹን እንዲጠራ የሚላከው። ሐቀኛ ከሳሽ ሲሆን እንደ ጓደኛችን በክራንች ሦስት ቀን ይመላለሳል። ሐቀኛ ካልሆነ ደግሞ ሰፈር ሳይደርስ “አልቀበልም ብሏል” የሚል ቃለ መሐላ ይዞ ይመለሳል። ለሐቀኛው ቅጣት ነው፣ ለሌላው ፈተና።

ይህ የአዲስ አበባ ጉድ ብቻ አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ መጥሪያ አድራሹ ወረቀቱን ፍሳሽ ቦይ ውስጥ ወርውሮ “አድርሻለሁ” ብሎ የሚምልበት ልማድ ከመብዛቱ የተነሳ የራሱ ስም ወጥቶለታል፤ “የፍሳሽ ቦይ መጥሪያ” ይሉታል። በዚያም ሰዎች የማያውቁት ፍርድ እንዳለባቸው የሚሰሙት ደሞዛቸው ሲቆረጥ ወይም የባንክ ሒሳባቸው ሲታገድ ነው።

ወደኛ እንመለስ። ከተማችን ሰው በጅምላ የሚያነሳ ከተማ ሆኗል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ፈረሱ። የሊብሬው አድራሻ፣ የመታወቂያው አድራሻ፣ የውሉ አድራሻ፣ ሁሉም የሚያመለክቱት ወደሌለ በር ነው። ሕጉ ተከሳሹ ሲጠፋ መጥሪያው በመጨረሻ በሚታወቅበት መኖሪያ በር ላይ እና በፍርድ ቤቱ እንዲለጠፍ ወይም ፍርድ ቤቱ በመረጠው ሌላ መንገድ እንዲደርስ ይፈቅዳል። የ1958 ሰው ሲያስበው በሩ የትም አይሄድም። በሩ ሲሄድስ? ጋዜጣ!

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ከእናንተ ውስጥ የጋዜጣ የመጥሪያ ዓምድ አንብቦ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። እኛም አላወጣንም። ጋዜጣ ላይ ማውጣት ሰውዬውን ለመጥራት ሳይሆን “ጠርተነዋል” ለማለት የሚደረግ ሥርዓት ሆኗል። ተረቱ “ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት” ይላል፤ በማያገባው ለሚገባ ሰው ነው የተተረተው። ጋሼን ግን “ሳንጠራህ አቤት ለምን አላልህም?” ተብለው ነው የተቀጡት።

ጋሼ ያጡት ችሎት መቆምን ብቻ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ “ጥፋት የለብኝም” ማለት አያድነውም። ደህና። ግን በቁጥር 2086 ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ኃላፊነቱ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። እግረኛው በማይሻገሩበት ሮጦ ገብቶ እንደሆነስ? አላወቅንም፤ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀም። ከዚያም በላይ ሚኒባሱ የሦስተኛ ወገን መድን አለው፤ በአዋጅ የግድ ነው። ጋሼ ቀርበው መልስ ቢሰጡ ኖሮ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 “መድን ድርጅቱ ይግባልኝ” ብለው መጠየቅ ይችሉ ነበር። ዓመት ዓመት የከፈሉት አረቦን ለዚህ ቀን ነበር። በሌሉበት ሲፈረድ መድኑም በሌለበት ቀረ። ዕዳው ግን ሚኒባሱን አገኘው፤ ለሚኒባሱ አድራሻ አልጠፋም!

“እንግዲያው በሩ ይከፈት፣ ያለ ጥያቄ!”

ቆይ ቆይ። ጋሼን የሚወደው ጓደኛችን እዚህ ላይ ደረሰና እንዲህ አለ። እኛም ልንስማማ ነበር። ከዚያ ጓደኛችን ክራንቹን ከወንበሩ ጋር አስደግፎ “እኔስ?” አለ።

እስቲ የሱን ሒሳብ እንሥራ። በ2014 ተገጨ። በ2015 ከሰሰ። በ2016 ተፈረደለት። ከዚያ ተነሳ። ገንዘቡ በወረቀት ላይ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በመሐል ብሩ ራሱ ተቀየረ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳያልፉ 100 ብርን ተሻገረ። በሐኪም የታዘዘለት ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ይህንን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሕጋዊው ወለድ 9 በመቶ ነው። 9 በመቶ ይዘህ ከእንዲህ ያለ ገበያ ጋር ሩጫ ግባ እስቲ። ስለ ሥቃዩ፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ሐፍረቱስ? ለሕሊና ጉዳት ሕጉ የሚፈቅደው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ የተወሰነው በ1952 ነው። ያኔ 1,000 ብር ገንዘብ ነበር።

ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አደጋውን ያየችው ጀበና ቡና ሻጭ ዛሬ እዚያ መንገድ ዳር የለችም፤ እሷንም ኮሪደሩ አንስቷታል። አንዱ ምስክር ወደ ዓረብ አገር ሄዷል። ጉዳዩ “እንደ አዲስ” ይሰማ ሲባል ለድርጅቱ አዲስ ነው፤ ለጓደኛችን ግን አሮጌ ነው፣ ያውም የተበተነ አሮጌ።

ደግሞ የድርጅቱን ታሪክ እዩት። የክሱን መጥሪያ ለአለቃው ያላደረሰ ጥበቃ፣ የባንክ እገዳውን ወሬ በሦስት ቀን አደረሰ! ተአምር ነው። ድርጅቱ ጨረታ ሲወጣ አይጠፋም። ግብር ተመላሽ ሲባል አይጠፋም። የሚጠፋው እግር የሰበረ ቀን ብቻ ነው። ይህንን “መጥሪያ አለመድረስ” ብለን ስም አናወጣለትም። ስሙ ስልት ነው። ስልቱም ቀላል ነው፤ ከመጣህ ትከራከራለህ፣ ካልመጣህ ሁለት ዓመት ታተርፋለህ፣ ከዚያ መጥተህ ትከራከራለህ። የማያስከፍል ከሆነ ለምን ይቀርባል? እኛም በነሱ ቦታ ብንሆን (እግዜር አያምጣው) አንቀርብም ነበር።

የተረሳችው ሐረግ

እዚህ ላይ ነው ማኪያቶዋን የጨረሰችው ጓደኛችን ሕጉን ከስልኳ አውጥታ ያነበበችልን። ቁጥር 78 ላይ፣ ማንም የማይጠቅሳት አንዲት ሐረግ አለች። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ካመነበት ፍርዱን ያነሳል ይልና፣ ይህንን የሚያደርገው ስለ ኪሣራ፣ ገንዘብ በፍርድ ቤት ስለማስያዝ ወይም ስለ ሌላ ነገር ተገቢ መስሎ የታየውን ሁኔታ ወስኖ ነው ይላል።

ደግማችሁ አንብቡት። ሕጉ በሩን ከፍቶታል። በሩ ላይ ግን ዘበኛ አቁሟል፤ ዘበኛው ዳኛው ነው። “ግባ፤ ግን የዚህን ሰው የሁለት ዓመት ኪሣራ ክፈል።” “ግባ፤ ግን የተፈረደውን ገንዘብ ግማሽ አስይዝ።” “ግባ፤ ግን መልስህን በአሥር ቀን አቅርብ፣ ሁለተኛ ቀጠሮ የለህም።” ይህ ሁሉ ሥልጣን በዳኛው እጅ ነው። አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ኮሚቴ አያስፈልግም። ዐውደ ጥናትም አያስፈልግም (ለአበል የቋመጣችሁ አዝናለን)። በጓደኛችን መዝገብ ላይ ዳኛው ያችን ሐረግ ቢጠቀምባት ኖሮ ድርጅቱ ዛሬ ከጓደኛችን እኩል ይቸኩል ነበር። ገንዘቡ የታሰረበት ሰው ቀጠሮ አያራዝምም።

“ታዲያ ጋሼስ? ግማሹን አስይዙ ቢባሉ ከየት ያመጣሉ?” የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም እዚያው ሕግ ውስጥ ነው፤ “ተገቢ መስሎ የታየውን” ይላል፣ ለሁሉም እኩል አይልም። ሁለቱ ምክንያቶች አንድ አይደሉም። መጥሪያ ጭራሽ ያልደረሰው ሰው ምንም አላጠፋም። የተሳሳተው የጥሪው ሥርዓት ነው፤ ለሥርዓቱ ስህተት ጋሼ ሳንቲም ሊያስይዙ አይገባም። ሚኒባሱን እየሠሩበት፣ እንዳይሸጥ ብቻ ታግዶ ይከራከሩ። መጥሪያው በሩ ድረስ ሄዶለት “በቂ ምክንያት ነበረኝ” ወይም “የተቀበለው ሰው አይመለከተውም” የሚለው ግን ሌላ ነው። ፍርዱ ቢነሳለትም ቢያንስ ላንገላታው ሰው ይክፈል። ይህንን ለመለየት ዳኛው መጠየቅ ያለበት ሦስት ጥያቄ ነው። ወረቀቱ የት ደረሰ? ማን እጅ ገባ? አንተስ መቼ አወቅህ? የመጨረሻው በተለይ! የአንድ ወሩ ጊዜ የሚቆጠረው ካወቁበት ቀን ነውና “ዛሬ አወቅሁ” የሚል ሁሉ ሊታመን አይገባም።

እና ምን ይደረግ?

እኛ የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ መጥሪያ ማድረስ ከከሳሽ ጫንቃ ይውረድ። የመንግሥት ሥራ ነው፤ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ያድርሰው። አቅም የለም ከተባለ ቢያንስ የተከሳሽ ስልክ ቁጥር በክስ ማመልከቻው ላይ ይጻፍ፣ ከፍርድ ቤቱ ተደውሎ የተደወለበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይስፈር። ጋሼን ለማግኘት ካዛንቺስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ሃያ ዓመት ያልቀየሩት ስልክ ቁጥር አላቸው፤ መድን ድርጅቱም ጋ ተመዝግቧል።

ሁለተኛ፣ ጋዜጣ የመጨረሻው መጨረሻ ይሁን። “በአድራሻው የለም” ብቻውን አይበቃም። ሰፈሩ የፈረሰ ሰው ወዴት እንደተዛወረ ወረዳው ያውቃል፤ ያዛወረው ራሱ ነው! አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ጋዜጣ ከማሳተም የበለጠ ገንዘብ አይወጣም።

ሦስተኛ፣ “ይነሳልኝ” የሚል ሰው የክሱን መልስ አብሮ ይዞ ይምጣ። የምትከራከርበት ነገር ካለህ አሳየን፤ ከሌለህ የሰው ጊዜ ለምን ትበላለህ?

አራተኛ፣ ፍርድ ሲነሳ የተሰማው ማስረጃ አብሮ አይነሳ። ዓረብ አገር የሄደው ምስክር ቃሉ መዝገብ ላይ አለ። ተከሳሹ ሊቃወመው፣ በሌላ ማስረጃ ሊያፈርሰው ይችላል። ምስክሩ እንዳልተፈጠረ ማድረግ ግን ጥፋተኛውን መሸለም ነው።

ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ደግሞ፣ መኪና ያላችሁም እግር ብቻ ያላችሁም፣ ትንሽ የወንድም ምክር። የተዛወራችሁ ዕለት አድራሻችሁን ሊብሬው ላይም መድኑ ጋም አስቀይሩ። መጥሪያ ሲመጣ “አልፈርምም” ማለት አራዳነት አይደለም፤ አለመፈረም አለመጠራት አይሆንላችሁም። በሌላችሁበት እንደተፈረደ በሰማችሁ ቀን ቀኑን መዝግቡ፣ እንዴት እንደሰማችሁ ማስረጃ ያዙ፣ በማግስቱ የመዝገቡን ግልባጭ አውጡ። ከማመልከቻው ጋር አፈጻጸሙ እንዲታገድ አብራችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ እናንተ ስትከራከሩ ንብረቱ ይሸጣል። ታመን ነበር የምትሉ የዚያን ቀን የሐኪም ወረቀት አቅርቡ እንጂ የዛሬውን አይደለም። የተጎዳችሁ ከሳሾችም፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ “ሲሻለኝ” አትበሉ። መጥሪያ ስታደርሱም የተቀበለውን ሰው ስምና የሥራ ድርሻ አስጽፉ። ጓደኛችን “ጥበቃ” የምትለዋን ቃል ዋጋ በሁለት ዓመት ነው የተማረው።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል ገበሬው። በጥሪው ላይ አለባብሰን እናርሳለን፣ ከዚያ ፍርዱ ሲነሳ “ፍትሕ ዘገየ” እያልን እናለቅሳለን። ጋሼን ያለ ጥሪ የፈረደባቸው እና ጓደኛችንን ያለ ካሳ ያስቀረው አንድ በሽታ ነው። አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል የለብንም። በሩ ክፍት ይሁን፤ አውቆ የቀረ ግን ከፍሎ ይግባ።

ይህንን ስንጽፍ የጋሼ ማመልከቻ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። ሚኒባሱ ቆሟል፤ ሹፌሩም ሥራ ፈቷል። የጓደኛችን አዲሱ ቀጠሮ ከዚያ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጋሼ የሱን ታሪክ ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙና “የኔን ሚኒባስ የከሰሰው ልጅም እንደሱ ያነክስ ይሆን?” ብለው ጠየቁን። “ገንዘቡን መክፈል እምቢ አላልኩም እኮ። ጠርተው ይጠይቁኝ ነው ያልኩት።”

በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ጋ እንሄዳለን። የምትችሉ ኑ፤ ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው። ዳኛውም ያችን ሐረግ ሲያነባት ብንሰማ ደስ ይለናል።